አንድ ስም፣ ብዙ ሰው፦ በጣና ዳርቻ ሞክሼ አያቶችን የመለየት ዘዴ

በጣና ዙሪያ ባደገ ቤተሰብ ውስጥ ትውልድን እስከ ሰባት ቤት መቁጠር እንግዳ ነገር አይደለም። በሰባት ቤት ውስጥ መጋባት ነውር በመሆኑ፣ ርስትም እስከ 1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ ድረስ የሚገኘው በአባትም ሆነ በእናት በኩል መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው አባት ተወላጅ መሆንን በማስረዳት ስለነበር፣ ዘር ማወቅ ለጋብቻም ለእርሻም የሚያስፈልግ ዕውቀት ሆኖ ኖሯል። ችግሩ የሚጀምረው ይህ በቃል የተወረሰ ቆጠራ ከወረቀት ጋር ሲገናኝ ነው። በአያት ቆጠራ ውስጥ አንድ ተሰማ አለ፤ በደብሩ ወንጌል ኅዳግ ላይ መሬት የሸጠ ተሰማ ይገኛል፤ በአውራጃ ፍርድ ቤት መዝገብ ደግሞ ተከሳሽ ሆኖ የቀረበ ግራዝማች ተሰማ ይመጣል። የሦስቱም አባት ገብሬ ይባላል። የቤተሰብ ስም በሌለበት፣ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ብቻ በሚታወቅበት አገር፣ ሦስቱን አንድ አድርጎ መጻፍ እጅግ ይቀላል፤ በብዙ የዘር ሐረግ ላይ 120 ዓመት ኖሮ በሁለት አድባራት የተቀበረ ሰው የሚገኘውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ መመሪያ የሚያስረዳው እንዲህ ያሉ ሞክሼ አያቶች የሚለዩበትን አሠራር ነው። መነሻው አንድ ጥብቅ ደንብ ነው፦ ስም፣ የአባት ስም ቢታከልበትም እንኳ፣ ሁለት መረጃዎች ስለ አንድ ሰው ይናገራሉ ለማለት አይበቃም። ለማጣመር ከስም ውጭ ቢያንስ ሁለት ነገሮች፣ ያውም ከተለያየ ምንጭ የመጡ፣ መግጠም ይኖርባቸዋል። ደንቡ የጠነከረው ያለ ምክንያት አይደለም። በርስት ሙግት ዘመን ሞክሼነት ጥቅም ነበረው፤ መሬት የሚጠይቅ ሰው የቅድመ አያቱ ስም ከአቅኚው አባት ልጆች የአንዱን ስም የሚመስል ሆኖ ሲያገኘው፣ ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ለመከራከር ይችል ነበር፤ በሽማግሌ ወይም በዳኛ ፊት የረታው ቆጠራም በየቤቱ እውነት ሆኖ ይወረሳል። ስለዚህ ከአያቶቻችን የምንሰማው ቆጠራ ክብር የሚገባው ቢሆንም፣ ሙግት ያለፈበት ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ከሰው በፊት መረጃ

የመጀመሪያው ሥራ የዘር ሐረግ መሳል ሳይሆን ስሙ የተገኘበትን ቦታ ሁሉ ለየብቻ መመዝገብ ነው። ስሙ በተጠቀሰ ቁጥር አንድ ካርድ፣ በኮምፒውተር ከሆነም አንድ ረድፍ ይክፈቱ፤ ተሰማ የሚል ስም በአምስት ቦታ ከተገኘ አምስት ካርድ ይኖራል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ላይ ስሙን በተጻፈበት ፊደል ሳያርሙ ይቅዱ፤ ከዚያም የአባትና የእናት ስም፣ የሚስት ወይም የባል ስም፣ የክርስትና ስም፣ ማዕረግ፣ ደብር፣ የመሬቱ ስምና አዋሳኞቹ፣ ዘመኑ፣ ምንጩ በየሥፍራው ይግቡ። በምንጩ ላይ የሌለውን ከሌላ ካርድ እያመጡ መሙላት አይፈቀድም፤ ባዶው ባዶ ሆኖ ይቆይ። ይህ ቁጥብነት አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን ስሕተት ሲገኝ ወደ ኋላ ተመልሶ የተጣመሩትን መለየት የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚያልፋቸው፣ በእኔ ግምት ግን ከሁሉ የሚበልጠውን የሚነግሩን፣ በጽሑፉ ዳር የቆሙት ሰዎች ናቸው። የመሬት ሽያጭም ሆነ ኑዛዜ ምስክር፣ ዋስ፣ ዳኛና አዋሳኝ አለው። ተሰማ የሚባል ሰው በየደብሩ ይገኛል፤ ዘወትር ከአንድ ቄሰ ገበዝ ጋር የሚመሰክረው፣ ለአንድ ሰው ደጋግሞ ዋስ የሚሆነውና መሬቱ በአንድ ወንዝ የሚዋሰነው ተሰማ ግን ብዙ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የምስክሮቹን ስም ሁሉ፣ ከዘመዶችዎ ማንም ባይኖርበትም፣ በካርዱ ጀርባ ይጻፉ።

የአንድ ሰው ብዙ ስሞች

ሞክሼዎችን ወደ መለየት ከመሄድ በፊት አንድ ሰው ስንት ስም ሊኖረው እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ አንዱን ሰው ሦስት ቦታ እንቆራርጠዋለን። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና ስም ይሰጣቸዋል፤ በመንደር ተሰማ የሚባለው ሰው በጸሎትና በተዝካር ወልደ ገብርኤል ነው። የክርስትና ስም ጠቃሚ የሚሆነው ከዓለም ስም ጋር ተያይዞ ሲገኝ ነው፤ ለብቻው ሲገኝ ግን ነገሩን ያባብሰዋል፤ በአንድ ደብር ውስጥ ወለተ ማርያም የምትባል ሴት ብዙ ናትና። በግእዝ በተጻፈ ጸሎት ውስጥ «ለገብርከ ወልደ ማርያም» የሚል ቢገኝ ስሙ ወልደ ማርያም ብቻ ነው፤ የፊተኛው ቃል አገልጋይህ ለሆነው እንደ ማለት ስለሆነ ከስሙ ጋር አይቆጠርም። በእንደዚህ ያለ ቦታ ብራናውን በብርሃን አስጠግቶ ማየት ተገቢ ነው፤ መጽሐፉ በሽያጭ ወይም በስጦታ ሲተላለፍ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ይጻፍበት ስለነበር፣ የሚታየው ስም ከመጽሐፉ ዘመን በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ማሳጠርም አለ። ገብሬ ከገብረ ማርያም፣ ከገብረ ሥላሴ ወይም ከገብረ ሕይወት ሊመጣ ይችላል፤ ወልዴ፣ ኃይሌና ተክሌም እንዲሁ። ሞክሼ ፊደላት ደግሞ አንዱን ኃይሉ በብዙ ዐይነት ያጽፉታል፤ በኮምፒውተር ሲፈልጉ ሁሉንም አጻጻፍ ካልሞከሩ ግማሹ መረጃ ያመልጥዎታል። እስላም ቤተሰቦችም ዘንድ መሐመድ፣ ሙሐመድና ሞሐመድ በአንድ ሰው መታወቂያና ደረሰኝ ላይ ሲፈራረቁ ይታያሉ።

የስም ለውጥንና ሞክሼነትን አንድ ላይ ለማየት ከጎጃም ታሪክ የተሻለ ምሳሌ የለም። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም ሲነግሡ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ ስለዚህ አዳልና ተክለ ሃይማኖት የሚሉት ሁለት ስሞች አንድ ሰው ናቸው። ተክለ ሃይማኖት የሚለው አንድ ስም በበኩሉ ሦስት ነገሥታትን ያመለክታል፤ በጎንደር ዘመን ከነገሡት ሁለቱ አንደኛው እ.ኤ.አ. ከ1706 እስከ 1708፣ ሁለተኛው ከ1769 እስከ 1777 የገዙ ናቸው። በደብር መጽሐፍ ላይ «በተክለ ሃይማኖት ዘመን» የሚል ቢያገኙ፣ ንጉሡ ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ የእርስዎ ቅድመ አያት በ195 ዓመት ውስጥ ወዲህና ወዲያ ይንሳፈፋል። «በራስ ኃይሉ ጊዜ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ሽማግሌዎች ሲሉት ብዙውን ጊዜ እስከ 1924 ዓ.ም ጎጃምን የገዙትን ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን ማለታቸው ነው፤ በብራና ላይ ከሆነ ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ ሊሆኑ ይችላሉ።

የፈረስ ስም በዚህ ረገድ ውለታ ይውላል። ቋራ ያፈራቸው ካሳ ኃይሉ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ አባ ታጠቅ ሲባሉ፣ የትግራዩ ካሳ ምርጫ፣ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ አባ በዝብዝ ናቸው፤ ሁለቱም በየጊዜያቸው ደጃዝማች ካሳ ተብለዋል። በእርስዎ ቤተሰብ ውስጥ ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ካለ፣ በፉከራ ወይም በለቅሶ ግጥም የተረፈው የፈረስ ስም ከአባቱ ስም ይልቅ ይለየዋል።

ማዕረግ ግን ተንኮለኛ ነው። ሰው ባላምባራስ ሆኖ ጀምሮ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ እያለ ሊወጣ ስለሚችል፣ ማዕረግ ተለያየ ተብሎ ሰው አይለይም። የሚያጠራጥረው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው፤ በ1890 ፊታውራሪ የተባለ ሰው በ1900 ባላምባራስ ሆኖ ከመጣ፣ ሁለት ሰዎች እንደሆኑ መገመት ይሻላል። ይህ ደንብ የሚሠራው በዘመኑ ለተጻፈ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ የልጅ ልጆች በቃል ሲያወሱ የመጨረሻውን ማዕረግ፣ አንዳንዴም ከዚያ ከፍ ያለውን፣ ለልጅነቱ ዘመን ሳይቀር ይሰጡታል።

የአባት ስምም ቢሆን ሁልጊዜ የወላጅ አባት ስም አይደለም። በአያቱ ወይም በአጎቱ ቤት ያደገ ልጅ በአሳዳጊው ስም ሊጠራ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ አንድ ትውልድ ይዘለላል፤ አጎትና የእኅት ልጅም ወንድማማች ይመስላሉ። በዘጌ የቡና ጫካ ሥራ በባሮች ጉልበት ጭምር ይካሄድ እንደነበር የታወቀ ነውና፣ ባርነት በሕግ በ1934 ዓ.ም ከመከልከሉ በፊት በአንድ ቤት የኖሩ ሰዎች የጌታውን ስም እንደ አባት ስም ይዘው ሊሆን ይችላል። ይህ ሲያጋጥም የሚመለከታቸው ቤተሰቦች በሕይወት እንዳሉ በማሰብ፣ በካርዱ ላይ በጥንቃቄ ጽፎ ለሌላ ከማሳየት መቆጠብ ያስፈልጋል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በጣሊያኖች ለተጻፈ ወረቀት የተለየ ንባብ ያሻል። በላቲን ፊደል ጠ ከተ፣ ቀ ከከ፣ ጸም ከሰ በግልጽ ስለማይለዩ፣ ሁለት የተለያዩ ስሞች አንድ ሆነው ይታያሉ። ከዚህ የሚብሰው የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም መቁጠር ነው፤ አባታቸው ከበደ የሆነ የማይዛመዱ ሰዎች በአንድ ተራ ሲደረደሩ አንድ ቤተሰብ ይመስላሉ። ይኸው ስሕተት ዛሬም በውጭ አገር በሚሰጡ ሰነዶች ላይ ይደገማል።

ዘመኑን ማጥበብ

ከሁሉ ፈጥኖ ሞክሼን የሚለየው ዘመን ነው። ቀን የሌለበት ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የንጉሡንና የወንጌላዊውን ስም ይይዛል፤ ከእነዚህ ከሁለቱ ዓመቱን ማስላት ይቻላል። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል 1 ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ዘመነ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ በዓመተ ምሕረቱ ላይ ተደምሮ ዓመተ ዓለምን የሚሰጠው 5500 ራሱ ለአራት ያለ ትርፍ ስለሚካፈል፣ በዓመተ ዓለም ቢሰላም ውጤቱ አይለወጥም። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከ1873 እስከ 1893 ዓ.ም ነግሠዋል፤ በእሳቸው ዘመን፣ በዘመነ ማርቆስ የተጻፈ ነገር እንግዲህ ከ1874፣ ከ1878፣ ከ1882፣ ከ1886 ወይም ከ1890 አይወጣም። በጽሑፉ ውስጥ ሻጩ ስለ ረሃብ መሸጡን ከተናገረ፣ ከ1880 እስከ 1884 የዘለቀውን ክፉ ቀን በማሰብ 1882ን ማስቀደም ይቻላል።

ለቃል መረጃ ደግሞ ሁሉም የሚያውቃቸውን ክስተቶች መያዣ ያድርጉ፦ ደርቡሾች ጎንደርን ያቃጠሉበት 1880፣ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁበት 1881፣ ዐድዋ 1888፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ማይጨው 1928። አንድ ሽማግሌ አያታቸው ስንት ዓመት እንደኖሩ ሲነግሩዎት ቁጥሩን ሳይሆን፣ ከነዚህ በየትኛው ጊዜ ልጅ፣ በየትኛው ጎልማሳ እንደነበሩ ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ ትውልዱን ከ25 እስከ 30 ዓመት እየሰጡ ወደ ኋላ ይቁጠሩ፤ ወንድ በስተርጅናው ሊወልድ ስለሚችል በአባት በኩል የሚቆጠረው ይለጠጣል፤ በእናት በኩል የሚቆጠረው ግን ከ45 ዓመት ያን ያህል ስለማያልፍ ይበልጥ ያስተማምናል።

እናቶችና መሬት

ርስት በሴትም ስለሚወርድ፣ በአገራችን ቆጠራ ውስጥ የሴቶች ስም ከሌሎች አገሮች የዘር ሐረግ ይልቅ በብዛት ይገኛል፤ ይህን ዕድል አለመጠቀም ያሳዝናል። ሁለት ተሰማ ገብሬዎች የእናታቸው ስም ከተለያየ ነገሩ በአብዛኛው አለቀ። ሴት ስታገባ በአባቷ ስም ስለምትቀጥል፣ የእናትን ስም ከአባቷ ጋር ካገኙ ወደ ሌላ ቤተሰብ የሚያስገባ በር ተከፍቷል ማለት ነው።

መሬት ደግሞ እንደ ሰው አይሞትም፤ ስሙም ቶሎ አይለወጥም። የማሳውን ስም፣ በምሥራቅና በምዕራብ ማን እንደሚያዋስነው፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ በመከተል፣ ሁለት ሞክሼዎች ዘመዳሞች መሆን አለመሆናቸውን ማወቅ ይቻላል። በግብር ደረሰኝ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በርስት አገር ግብሩ በጋራ አባት ወይም በቤተ ዘመዱ ተወካይ ስም ሊገባ ይችል ስለነበር፣ በደረሰኙ ላይ ያለው ሰው ከፋይ፣ ተወካይ ወይም ከሞተ ብዙ ዘመን ያለፈው ዋና አባት ሊሆን ይችላል። እንደኔ፣ ደረሰኝ ብቻውን ሰው በሕይወት መኖሩን አያስረዳም።

መዝገቡን የት መፈለግ እንደሚገባ የሚወስነው የዓባይ መውጫ ነው። ባሕር ዳር፣ ዘጌ፣ አቸፈርና ሜጫ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር ስለነበሩ የበላይ ጽሕፈት ቤቶቻቸው ደብረ ማርቆስ ነበሩ፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ደራና ፎገራ ግን በቤጌምድርና ስሜን ሥር ሆነው ወደ ጎንደር ይጽፉ ነበር። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ጎጃምንም ጨምረው ከጎንደር ስላስተዳደሩ፣ የዚያ ጊዜ ወረቀት ይህን ድንበር አይከተልም። በሁለቱም ዳር ዘመድ ያለው ቤተሰብ አንዱን ሰው በሁለት ከተማ መዝገብ ሊያገኘው እንደሚችል ይጠብቅ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትንና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሳያይ አይመለስ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ስለሆነ፣ ለአያቶች ዘመን አይደርስም።

የደብር መጽሐፍ ለማየት አስቀድሞ ከአለቃውና ከቄሰ ገበዙ ፈቃድ ማግኘት ይገባል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት በመሆናቸው፣ አጥኚዋ ሴት ከሆነች ምን እንደሚፈለግ በጽሑፍ ለወንድ ዘመድ መስጠት ይኖርባታል፤ ጥያቄው «ተሰማ አለ ወይ?» ከሆነ ግን የሚመጣላት መልስ ተሰማ አለ የሚል ብቻ ነውና፣ ምስክሮቹንና አዋሳኞቹን ጭምር እንዲቀዳላት ታስጠንቅቅ።

ሽማግሌ ሲጠየቅ

አባባ ወይም እማማ ብለው ከተቀመጡ በኋላ የሚያውቁትን ስም ቀድመው አይጥሩ። «የአያትዎ አባት ተሰማ አይደሉም?» ለሚል ጥያቄ በጨዋነት የሚሰጠው መልስ «ናቸው» ነው። ይልቁንም ስሙ ከእሳቸው አፍ እስኪወጣ ጠብቀው፣ «የትኛው ተሰማ?» ብለው ይጠይቁ፤ የገጠር ሰው ሞክሼን የሚለይበት የራሱ መንገድ ስላለው፣ ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ የላይ ቤቱ፣ የወንዝ ማዶው የሚል መልስ ይመጣል። ይህ ቅጽል በካርዱ ላይ ከማዕረግ በፊት ይጻፍ። ቀጥሎ የት ተቀበሩ፣ ተዝካራቸውን ማን አወጣ፣ የነፍስ አባታቸው ማን ነበሩ፣ በእናታቸው የማን ዘር ናቸው የሚለው ይከተላል። ያንኑ ጥያቄ ለሌላ ቅርንጫፍ ዘመድ፣ የፊተኛው መልስ ሳይነገረው፣ ማቅረብ ያስፈልጋል፤ ሁለት ወንድማማቾች አብረው ተቀምጠው የሰጡት ቃል እንደ አንድ ምንጭ ይቆጠራል።

ሦስቱ ተሰማዎች

አሠራሩን ለማየት በመግቢያው ያነሣናቸውን፣ ለምሳሌ ብቻ የፈጠርናቸውን ሦስት ሰዎች እንመርምር። በቃል የመጣው ተሰማ ገብሬ የዘጌ ሰው ነው፤ ከማይጨው በፊት ሞቷል። በወንጌል ኅዳግ ላይ ያለው ተሰማ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን፣ በዘመነ ማርቆስ፣ እናቱ ወለተ ኪዳን ፈቅዳለት ከርስቷ ከፍሎ ሸጧል። ግራዝማች ተሰማ በ1946 ዓ.ም ተከስሷል፤ በመልሱም መሬቱ ከወለተ ኪዳን በትውልድ እንደደረሰው ቆጥሯል፤ የሚዋሰንበት ወንዝም በወንጌሉ ላይ የተጠቀሰው ነው።

አንደኛው ሦስተኛው ሊሆን አይችልም፤ ከማይጨው በፊት የሞተ ሰው በ1946 አይከሰስም። ሁለተኛው መሬት ለመሸጥ ቢያንስ 20 ዓመት ሞልቶት ነበር ብንል፣ በ1946 ዕድሜው ከ76 እስከ 92 ይሆናል፤ የማይቻል ባይሆንም አጠራጣሪ ነው። ግራዝማቹ ወለተ ኪዳንን እንደ እናት ሳይሆን እንደ ሩቅ አያት ስለቆጠራት ሁለቱ ሰዎች ይለያሉ፤ ነገር ግን እናትየዋና ወንዙ በሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ስለገጠሙ ዘመዳሞች መሆናቸው ጸንቷል። አንደኛውና ሁለተኛው አንድ ሰው ናቸው ወይ ለሚለው ያለን ስምና የሚቀራረብ ዘመን ብቻ ነው። ስም አይቆጠርም፤ ዘመን ደግሞ አንድ ነው፤ ስለዚህ ማጣመሩ ይቆያል። ቀጥሎ የሚፈለገው የዘጌው ተሰማ የክርስትና ስም ወይም የእናቱ ስም ነው።

በዘር ሐረጉ ላይ እንዲህ ያሉትን ተሰማ ሀ፣ ተሰማ ለ፣ ተሰማ ሐ ብሎ መጻፍ፣ የጸናውን ዝምድና በሙሉ መስመር፣ የሚጠረጠረውን በነጠብጣብ ማያያዝ፣ በነጠብጣቡ አጠገብም ጥርጣሬው ከየት እንደመጣና ምን ቢገኝ እንደሚወሰን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማስፈር ያስፈልጋል። ቅጂ ለዘመድ ሲሰጥ ነጠብጣቡ በፎቶ ኮፒ እንዳይጠፋ በቀይ ሳይሆን በጥቁር ቀለም ይሠመር።